ዘጠኝ ወር ስንት ቀን ነው? የመውለጃ ቀን ሲያልፍ ምጥን በመድኃኒት ስለ ማስጀመር

የአንዲት ነፍሰ ጡር የመውለጃ ቀን ደርሶ ሲያልፍ በቤተሰቡ መካከል የሚነሣው ክርክር በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። አማቷ «ዘጠኝ ወሯን ከጨረሰች ሰነበተች፤ ምን ይጠበቃል?» ይላሉ። እናቷ «ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይመጣል፤ ልጄን አትንኩብኝ» ይላሉ። ሐኪሙ በበኩሉ «ምጡን በመድኃኒት ብናስጀምረው ይሻላል» የሚል ምክር ያቀርባል። ባልየው በሦስቱ መካከል ቆሞ ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። የነገሩ ዋና ባለቤት የሆነችው ነፍሰ ጡር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትጠየቀው በመጨረሻ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚከራከሩት በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ይኸውም የእርግዝናው ዕድሜ ነው። እኛ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሙያችን ፊዚክስ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪዎቻችን ወደ ቤተ ሙከራ በሚገቡበት በመጀመሪያው ቀን የምንነግራቸው ሕግ ለዚህም ጉዳይ ይሠራል ብለን እናምናለን። ሕጉም «የስህተት ወሰኑ ያልተነገረ ልኬት ገና አልተለካም» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው፣ ምጥን የማስጀመርም ሆነ የመጠበቅ ውሳኔ ትክክል የሚሆነው የእርግዝናው ዕድሜ በምን እንደተለካ ሲታወቅ መሆኑን፣ ይህም ልኬት በአርባ አንደኛው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መሠራት ያለበት መሆኑን ነው።

280 ቀን ከየት መጣ?

የእርግዝና ዕድሜ በሕክምና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ሲሞላ የመውለጃ ቀን ደረሰ ይባላል። ስሌቱ የሚታወቀው ከ1778 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. በኖረው ጀርመናዊ የማዋለድ ሐኪም በፍራንዝ ካርል ኔገለ ስም ነው። የኔገለ ደንብ ቀላል ነው፤ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ሦስት ወር ወደ ኋላ መመለስና ሰባት ቀን መጨመር ብቻ ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ግን ደንቡ አንድ ግምት ይዟል፤ የወር አበባ በየ28 ቀኑ ይመጣል፣ እንቁላልም በ14ኛው ቀን ገደማ ይወጣል የሚል ነው። በዚህ ግምት መሠረት ከጽንሰት እስከ ልደት ያለው ጊዜ 266 ቀን ይሆናል።

በእኛ የዘመን አቆጣጠር ስሌቱ እንዲያውም ይቀልላል። አሥራ ሁለቱ ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፤ አሥር ቀን ሲጨመርበት 280 ይሞላል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 የጀመረ ሴት የመውለጃ ቀኗ ሰኔ 11 ነው። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ግን የሚጨመረው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ አራት ቀን ነው። ስለዚህ የካቲት 1 የተጀመረ ቆጠራ በመደበኛው ዓመት ኅዳር 6 ላይ ያርፋል። ጳጉሜን የዘነጋ ሰው ኅዳር 11 ብሎ አምስት ቀን ያዘገያል። «ዘጠኝ ወር» የሚለውን ቃል እንዳለ የወሰደ ሰው ደግሞ የመስከረሟን እናት ሰኔ 1 ትወልዳለች ብሎ ይጠብቃል፤ እውነተኛው የመውለጃ ቀን ሲደርስም «አሥር ቀን አሳለፈች» እያለ ይጨነቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወሮቹ እኩል ስላልሆኑ የኔገለ ደንብ እንደ ወሩ ከ280 እስከ 283 ቀን ይሰጣል። ጳጉሜን ያልዘነጋ ኢትዮጵያዊ ቆጣሪ ከኔገለ ይልቅ ትክክለኛ ነው ማለት ነው።

በአገራችን የቆየ ሌላ ቁጥርም አለ፤ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው ነው። ከመጋቢት 29 የብሥራት በዓል እስከ ታኅሣሥ 29 የልደት በዓል ያለው ጊዜ በመካከሉ ያለችው ጳጉሜን ተጨምራ 275 ቀን ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረውም ይኸው ቁጥር እንዳይዛባ ነው። ይህ ቆጠራ የሚነሣው ከጽንሰት በመሆኑ ወደ ሐኪሞች አቆጣጠር ሲመለስ 289 ቀን፣ ማለትም 41 ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ «ዘጠኝ ወር» የሚለው አንድ ቃል እንደ ተናጋሪው 270፣ 275፣ 280 ወይም 289 ቀን ሊሆን መቻሉን ነው። ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ስለ አንድ ቁጥር መናገራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የተፈጥሮ ስርጭትና የልኬት ስህተት

በፊዚክስ ሁለት ነገሮችን ለይተን እናያለን። አንደኛው የሚለካው ነገር በራሱ ያለው ልዩነት ነው፤ ሁለተኛው መለኪያችን የሚያመጣው ስህተት ነው። በእርግዝና ሁለቱም አሉ።

ስለ መጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የ125 እርግዝናዎችን መነሻ በትዝታ ሳይሆን በየዕለቱ በተሰበሰበ ሽንት ውስጥ በሚገኙ ሆርሞኖች አማካይነት ወሰኑ። እንቁላል ከወጣበት ቀን እስከ ልደት ያለው የመካከለኛዋ እናት ጊዜ 268 ቀን ሆነ። ይሁን እንጂ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ከተለዩ በኋላም በአጭሩና በረጅሙ እርግዝና መካከል የ37 ቀን ልዩነት ተገኘ። ሰዓቱ ፍጹም ትክክል ቢሆንም እንኳ ተፈጥሮ በአምስት ሳምንት ውስጥ ትመላለሳለች ማለት ነው።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ስርጭቱ የደወል ቅርጽ ያለው ቢሆንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አሥር ቀን ገደማ ቢሆን፣ አንዲት እናት ልክ በተነገራት ቀን የመውለድ ዕድሏ አራት በመቶ ያህል ነው። በተግባርም የሚታየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የመውለጃ ቀን የቀጠሮ ቀን አይደለም፤ የአንድ ስርጭት መካከለኛ ነጥብ ነው።

ሁለተኛው፣ የልኬቱ ስህተት፣ በአገራችን ይበልጥ ይከብዳል። ብዙ እናቶች የወር አበባቸውን ቀን አይጽፉም። አንዳንዶቹ ጡት እያጠቡ የወር አበባ ሳይመለስ ያረግዛሉ። ሌሎቹ በስፋት የሚታወቀውን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ካቆሙ በኋላ የወር አበባቸው ለወራት ሳይስተካከል ይቆያል። በእነዚህ ሁኔታዎች ከትዝታ የተነሣ ቁጥር በሳምንታት ሊስት ይችላል።

ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም በካርዳቸው ላይ «41 ሳምንት» ተብሎ ተጽፎላቸዋል። የአንደኛዋ እውነተኛ ቁጥር 37 ቢሆን፣ ምጡን ማስጀመር ሳንባው ጥቂት ቀናት የሚያስፈልጉትን ሕፃን ወደዚህ ዓለም ማቻኮል ይሆናል። የሁለተኛዋ እውነተኛ ቁጥር 43 ቢሆን፣ «ጥቂት ቀን እንጠብቅ» ማለት ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ካርዱ አንድ ነው፤ ትክክለኛው ውሳኔ ግን ተቃራኒ ነው።

ድምፅ እንደ ማስመሪያ

የልኬቱን ስህተት ለመቀነስ ያለን ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ በዚህ መንገድ የተገኙ ምስሎችን ለሕክምናው ዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። የመሣሪያው አሠራር ገደል ላይ ጮኾ ማሚቶውን ከመጠበቅ አይለይም። ድምፅ በሰውነት ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቆዳው አሥር ሴንቲሜትር ርቆ ካለ ነገር ተመልሶ ለመምጣት 130 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይበቃዋል። መሣሪያው ይህን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጠዋል።

ከአናቱ እስከ መቀመጫው ያለውን የጽንሱን ርዝመት ለዕድሜ መለኪያነት ያዋለው በዚያው በግላስጎው የሠራው ሂዩ ሮቢንሰን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1973 ነው። ዘዴው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሶች ሁሉ፣ የሀብታምም ሆነ የድኻ፣ የረጅምም ሆነ የአጭር ወላጅ ልጅ ቢሆኑ፣ ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ስለሚያድጉ ነው። በዚያ ጊዜ የሚሠራ ልኬት የስህተት ወሰኑ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ነው። ጊዜው ሲገፋ ግን የዘር፣ የምግብና የበሽታ ልዩነቶች ይገለጣሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ትንሽ ሆኖ የታየ ጽንስ በዕድሜው ለጋ ይሁን፣ ወይስ በዕድሜው በስሎ ዕድገቱ የቀጨጨ ይሁን፣ መሣሪያው ብቻውን አይለይም። በዚያ ወቅት የስህተት ወሰኑ ሦስት ሳምንት ይደርሳል። መሣሪያው ያው ነው፤ ድምፁም ያው ነው፤ የተለወጠው የሚለካው ነገር ነው። በዘጠነኛው ወር የተነሣ አልትራሳውንድ ስለ ሽርት ውሃውና ስለ ሕፃኑ አቀማመጥ ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ዕድሜው ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚነግረን። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ባዩ እናቶች ዘንድ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ምጥ የማስጀመሩ ቁጥር በግልጽ የቀነሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ ቀድሞውንም ጊዜያቸው አላለፈም ነበርና።

ጊዜው በእውነት ሲያልፍ

ዕድሜው በትክክል ታውቆ 41 እና 42 ሳምንት ሲደርስ አደጋው እውነተኛ ነው። የእንግዴ ልጁ አንዳንድ ጊዜ ለሕፃኑ የሚበቃ ኦክስጅን ማቀበል ያቅተዋል። የሽርት ውሃው ሊቀንስ ይችላል፤ ሕፃኑም የመጀመሪያ ዓይነ ምድሩን በማህፀን ውስጥ ሊለቅ ይችላል። ክብደቱ የጨመረ ሕፃን ትከሻው በሚወለድበት ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጽንሱ በማህፀን ውስጥ እያለ ሕይወቱ ማለፉ ነው።

ይህን አደጋ ለመቁጠር ለብዙ ዘመን የተሠራበት መንገድ ሞተው የተወለዱትን በዚያ ሳምንት ለተወለዱት ሁሉ ማካፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ትክክለኛው አካፋይ በዚያ ሳምንት ገና በማህፀን ውስጥ ያሉት ሁሉ መሆን እንዳለበት አሳዩ። የራዲዮአክቲቭ መፈራረስን ያጠና ተማሪ ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ የተፈራረሱት አተሞች የሚነጻጸሩት ገና ካልተፈራረሱት ጋር ነው። ለአደጋ የተጋለጠው የቀረው ነውና።

በዚህ አካፋይ የተሠራ፣ 15 ሚሊዮን እርግዝናዎችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ትንተና፣ ሞቶ የመወለድ አደጋ በ37ኛው ሳምንት ከሺህ 0.11 እንደሆነና በ42ኛው ሳምንት ከሺህ 3.18 እንደሚደርስ አመልክቷል። ይህን ቁጥር በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። «አደጋው ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ያድጋል» ማለት እውነት ነው። «ከሺህ ሕፃናት 996 ወይም 997 ያህሉ በ42ኛውም ሳምንት ይህ አደጋ አይደርስባቸውም» ማለትም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚነግር ሰው ያስፈራራል ወይም ያዘናጋል። እናት ሁለቱንም የመስማት መብት አላት።

ምጥን ማስጀመር ማለት ምን ማለት ነው?

ምጥ ለመጀመር ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ የማህፀን በር መለስለስና መከፈት፣ የማህፀን ጡንቻም መኮማተር ናቸው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የማህፀን በሩን ሁኔታ ይመረምራል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ አምስት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም የማህፀን በሩ ስፋት፣ መሳሳት፣ ልስላሴና አቅጣጫ፣ እንዲሁም የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ታች መውረድ ናቸው። በሩ ገና ጠንካራና ዝግ ከሆነ በቅድሚያ ሚሶፕሮስቶል በተባለው መድኃኒት፣ ወይም ጫፉ ላይ በውሃ የሚነፋ ፊኛ ባለው ቀጭን ቱቦ እንዲለሰልስ ይደረጋል። ከዚያም ኦክሲቶሲን በግሉኮስ ወይም በሳላይን ተበጥብጦ በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ኦክሲቶሲን ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሆርሞን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርቶት በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

እነዚህ መድኃኒቶች ቀላል አይደሉም። ማህፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ትንፋሹን የሚመልሰው በሁለት መኮማተሮች መካከል ባለው ዕረፍት ነው። መድኃኒቱ በዝቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ መኮማተር ከመጣ ያ ዕረፍት ይጠፋል። ማህፀን የመቀደድ አደጋም አለ፤ ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን በወለደች ሴት ላይ አደጋው ስለሚጨምር ሚሶፕሮስቶል ለእርሷ አይሰጥም። ምጥ የሚያስጀምር መድኃኒት የወሰደች እናት ለብቻዋ መተው እንደሌለባት የዓለም ጤና ድርጅት ያሳስባል፤ ሥራው የሚከናወነውም በተቻለ መጠን ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚቻልበት ቦታ እንዲሆን ይመክራል። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት ውስጥ መሞከር ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው።

ሙከራዎቹ ምን ይላሉ?

ብዙ እናቶችን የሚያስፈራው «ምጥ ከተጀመረልኝ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ ሐሳብ የተስፋፋው በከፊል በተሳሳተ ንጽጽር ነው። ምጥ የተጀመረላቸው ሴቶች ምጣቸው በዚያው ቀን በራሱ ከመጣላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ኦፕራሲዮን የበዛባቸው ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቀን ምጥ በራሱ እንዲመጣ ማዘዝ የሚችል ማንም የለም። ያለው ምርጫ ማስጀመር ወይም መጠበቅ ስለሆነ ንጽጽሩም በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። በዕጣ ተከፍለው እንዲህ የተነጻጸሩ ሙከራዎች ኦፕራሲዮን እንዳልጨመረ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የካናዳ ሙከራ በ3407 ሴቶች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ምጥ እንዲጀመርላቸው ከተመደቡት 21.2 በመቶ፣ እንዲጠብቁ ከተመደቡት ደግሞ 24.5 በመቶ በኦፕራሲዮን ወልደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው የስዊድን ሙከራ ደግሞ በ41 ሳምንት ማስጀመርን እስከ 42 ሳምንት ከመጠበቅ ጋር አነጻጽሯል። አሥር ሺህ ሴቶችን ሊያካትት ታቅዶ ነበር፤ ሆኖም በ2760 ላይ ተቋረጠ። በሚጠብቁት ዘንድ ስድስት ሕፃናት ሲሞቱ፣ ምጥ እንዲጀመርላቸው በተመደቡት ዘንድ አንድም አልሞተም። ሙከራው በዋናነት ሊለካ ያሰበው የጉዳቶች ድምር በሁለቱ ወገን ተመሳሳይ ነበር። ስድስት ትንሽ ቁጥር ነው፤ ለስታቲስቲክስ ሰው ያነሰ ሊመስል ይችላል። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ሰባተኛውን መጠበቅ ከኅሊና ጋር አይስማማም ብለው ወሰኑ። እኛም ትክክል ነበሩ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ስብስብ ጥናት በ18,795 ሕፃናት ላይ ባገኘው መረጃ፣ በሙሉ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ምጥ እንዲጀመር በተደረገበት ወገን 4፣ በጠበቁት ወገን 25 ሕፃናት መሞታቸውን አስታውቋል። አንድ ሞት ለመከላከል 544 እናቶች ምጥ ሊጀመርላቸው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ውሳኔው የሚጀመረው በስንተኛው ወር ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከዚህ ሁሉ የሚስማማ ነው፤ እርግዝናቸው 41 ሳምንት መሙላቱ በእርግጠኝነት ለታወቀ ሴቶች ምጥ ማስጀመርን ይደግፋል፤ ችግር በሌለበት እርግዝና ከዚያ በፊት ማስጀመርን ግን አይመክርም። አንባቢ «በእርግጠኝነት» የሚለውን ቃል እንዲያሰምርበት እንለምናለን። የስዊድንና የካናዳ ቁጥሮች የተገኙት የእርግዝናው ዕድሜ በጥንቃቄ በተወሰነባቸው፣ ኦፕራሲዮንም በቅርብ በሚገኝባቸው ሆስፒታሎች ነው። ቁጥሩን ብቻ ወስደን ልኬቱን ትተን ብንመጣ ውጤቱ አብሮን አይመጣም።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ወይም ፈጽሞ ሳይደርሱ፣ ከሁሉ የተሻለው የመለኪያ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲነሣ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የወር አበባ የቀረባት ሴት ቀኑን በግድግዳ መቁጠሪያው ላይ ታስምርበት፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ አልትራሳውንድ የምታገኝበትንም መንገድ ትጠይቅ። 41ኛው ሳምንት ሲደርስ ደግሞ ከባለቤቷ ጋር ሆና ለሐኪሙ ወይም ለአዋላጅ ነርሷ ጥቂት ጥያቄዎችን ታቅርብ። ቀኔ በምን ተወሰነ፣ በትዝታ ነው ወይስ በመጀመሪያ በተነሣ አልትራሳውንድ? የማህፀኔ በር ለስልሷል? ምጡ የሚጀመረው በምንድን ነው? ማን ይከታተለኛል? ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ እዚሁ ይደረጋል? ብጠብቅስ የሕፃኑ የልብ ምትና የሽርት ውሃው በየስንት ቀኑ ይታያል? እስከ መቼስ ነው የምጠብቀው? የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ጥያቄም ቀጠሮም አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት መሄድ ነው።

ቀኗ በእርግጠኝነት የታወቀ እናት፣ ባለሙያና መሣሪያ በተሟላበት ቦታ፣ በ41ኛው ሳምንት ምጥ እንዲጀመርላት ብትስማማ ማስረጃው ይደግፋታል ብለን እናምናለን። በክትትል ሥር ሆና ጥቂት ቀናት ለመጠበቅ ብትመርጥም አላዋቂ ልትባል አይገባትም፤ አደጋው ትንሽ እንደሆነና በየቀኑ እንደሚያድግ አውቃ እስከመረጠች ድረስ። ቀኗ ያልታወቀ እናት ግን ሁለቱም መንገድ ጨለማ ነው፤ ሐኪሟም አብሯት በጨለማ ይሄዳል። ከወለደች በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት ወሊድ ምሕረት የሚያስፈልገው ጉዞ መሆኑን አያቶቻችን ያውቁ እንደነበር እንመሰክራለን። እኛ ልንጨምርበት የምንችለው፣ በሦስተኛው ወር ላይ በጥንቃቄ የተወሰደች አንዲት ትንሽ ልኬት ናት።